በታቦቱ እርምጃ

መርፌዋ አሥራ አራት ላይ ቆማ አልነቃነቅም አለች።

የብርጓል የቮልት መለኪያውን ጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ከመርፌዋ አልነቀለችም፤ የቀረውን ዓለም የምትከታተለው በጆሮዋና በጀርባዋ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል የሚወስደው አስፋልት ከፒክአፑ ሥር በስድሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሸሻል። ከኋላ፣ ጭነት መጫኛው ላይ በገመድ ከተጠፈሩት ሁለት ግዙፍ ስፒከሮች የከበሮው ምት በወጣ ቁጥር የወንበሩ ብረት አብሮ ይመታል፤ አከርካሪዋ ላይ ይሰማታል። ጣሪያው ላይ የተተከሉት ሁለት ጡሩምባዎች ደግሞ መዝሙሩን ግራና ቀኝ በተዘረጋው የታጨደ ማሳ ላይ ይበትኑታል። አውድማ ላይ የነበሩ ገበሬዎች መንሻቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩ። አንዲት በቅሎ ደንግጣ ባለቤቷን እየጎተተች ወደ ቦዩ ወረደች።

«አሁንስ?» አለ ባዘዘው፣ መሪውን በመዳፉ እየመታ።

«አሥራ አራት።»

«አሁንስ?»

«አሥራ አራት ነው ባዜ፤ መንገድህን እይ።»

ባዘዘው ሳቀ። የፒክአፑ ባለቤትም ሾፌርም እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከይጁቤ ገበያ እህል ሲያመላልስበት ይከርምና ጥምቀት ሲደርስ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ለደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ያውለዋል። ድምፁ ለመዝሙር እንደማይሆን ያውቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዝም በል እየተባለ ነው ያደገው። ዛሬ ግን በእነዚያ ስፒከሮች መካከል የሚሰማው ስለሌለ አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ ይዘምራል። የብርጓል የአፉን መከፈት እያየች ድምፁን ባለመስማቷ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር። ፒክአፑ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ዲናሞ፣ ሞተሩ እያሾረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው፣ ለመብራትና ለአንዲት ሬዲዮ የታሰበ ነው። እሱን አውጥታ ከተገለበጠ አምቡላንስ የተረፈ፣ እጥፍ ጉልበት ያለው ዲናሞ አስገባች። ከወንበሩ ጀርባ ሁለተኛ ባትሪ ጨመረች። እንደ እርሳስ የቀጠኑትን ሽቦዎች ነቅላ በምትካቸው እንደ አውራ ጣት የወፈረ የብየዳ ማሽን ገመድ ዘረጋች። አብዛኛው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፖዘቲቩን ብቻ አወፍሮ ኔጌቲቩን ይተወዋል፤ እሷ ለሁለቱም እኩል ገመድ ሰጠች። ገመዱ ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አካል፣ ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ፣ ብረቱ ፊቷን እስኪያሳያት ድረስ አልተወችውም። ብሎኑን ካጠበቀች በኋላ እንኳ ሁለት ጊዜ ፈትታ አየችው።

እንዲህ ያደረጋት አምና ነው። አምና በከተራ ዕለት፣ በዚሁ መኪና ላይ የዘረጋችው መሣሪያ ታቦቱ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ መድከም ጀመረ። ከበሮው ውኃ እንደነካው ካርቶን ሆነ፤ የመዘምራኑ ድምፅ ተንገዳገደ። ባዘዘው ይበረታ እንደሆነ ብሎ ነዳጅ ሲረግጥ ነፋሱ ጥቁሩን ጭስ አንሥቶ ከካህናቱ ጥላዎች ሥር አገባው። ካህናቱ ሲስሉ፣ ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሲይዙ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ዓይን ዞሮ ኮፈኑ ሥር ያጎነበሰችው የብርጓል ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ የማንም ሬዲዮ ዝም ባለ ቁጥር ወንዶቹ «የብርጓል በዚህ አለፈች እንዴ?» ይባባላሉ።

የደብሩ የዜማ መሪ የኔታ ወልደ ሰንበት በሰበካ ጉባኤው ላይ ብዙ አልተናገሩም። አንድ ዕድል ይሰጣቸው፤ መሣሪያው ዘንድሮም ከታቦቱ ኋላ ዝም ካለ ግን ዳግመኛ እንዳይወጣ፣ ብለው ተቀመጡ። ይህን ቃል እስከ ጋራዡ ድረስ ይዛ የመጣችው የመዘምራኑ መሪ ወንጌላዊት ናት። ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይምጣ ያሉትን ሁሉ፣ ያበላሸችውን ታውቀዋለችና እሷው ትሥራው ብላ እንደተከራከረቻቸው ነገረቻት። የብርጓል ለቃል ቶሎ አትደርስም። በማግስቱ ግን ማለዳ ኮፈኑን ከፈተች።

«እንመለስ» አለች አሁን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ታቦቱ የሚወጣው በስምንት ነው።

የሚሊኒየሙ ዓመት ከተራ በመሆኑ ከተማዋ ከወትሮው ይልቅ ተሰናድታለች። መግቢያው ላይ ወጣቶች መሰላል መሀል አስፋልት አቁመው መንገዱን በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና በባንዲራ ያስጌጣሉ። ባዘዘው ፍጥነቱን ቀነሰ። ወጣቶቹ መዝሙሩን ሲሰሙ ከመሰላሉ ወርደው ከመኪናው ፊት እያጨበጨቡ ማሸብሸብ ጀመሩ፤ ከየደጃፉ ሴቶች በእልልታ ተቀበሏቸው። ፒክአፑ በሰው እርምጃ፣ ቆም ሄድ እያለ ተከተላቸው። ባዘዘው ሙሽራ የጫነ ያህል አንገቱን አቀና።

መርፌዋ አሥራ ሦስት ላይ ወረደች።

የብርጓል መለኪያውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። አሥራ ሁለት ከግማሽ። አሥራ ሁለት። የከበሮው ምት ጠርዙ ደነዘዘ፤ የወንበሩ ብረት ላይ የነበረው ንዝረት ሳሳ። የሚያጨበጭቡት አልታወቃቸውም። እሷ ግን ይህን ድካም አምና ሰምታዋለች፤ ከሺህ ድምፅ መካከል ትለየዋለች። እጇን ዘርግታ ማጫወቻውን አጠፋችው።

«ምነው? ሰው ደስ ባለው!» አለ ባዘዘው።

«በስድሳ ነው የሞከርነው» አለች ቀስ ብላ። «ታቦቱ በስድሳ አይሄድም።»

ባዘዘው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ዲናሞው የሚያመነጨው ሞተሩ ባሾረው ልክ ነው። ሞተሩ ሲያንቀላፋ ዲናሞውም ያንቀላፋል፤ ስፒከሮቹ ባትሪውን ብቻ ይበላሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋራዡ ውስጥም ሆነ በአማኑኤል መንገድ የሞከሩት ሞተሩን እያስጮኹ ነበር። ታቦት ግን በካህን ራስ ላይ ሆኖ፣ ምንጣፍ እየተነጠፈለት፣ በየመስቀለኛ መንገዱ ለወረብ እየቆመ ነው የሚጓዘው። ከደብሩ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ያለችው አጭር መንገድ ሦስት ሰዓት ትፈጅበታለች። የብርጓል ይህን የማታውቅ ሆና አይደለም፤ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ያንን መንገድ በዚያ እርምጃ ሄዳዋለች። ኮፈኑን ስትከፍት ግን ያሰበችው ስለ መኪና ነው። መኪና ደግሞ ይሮጣል።

ባዘዘው ያለ የሌለውን ሐሳብ አወጣ። ነዳጅ እየረገጠ ይሂድ? ጭሱን አስታወሰችው። ሦስተኛ ባትሪ ከጓደኛው ይዋስ? አንድ ግማሽ ሰዓት ቢያቆየን ነው። እሷ ግን ስለ ወፍጮ እያሰበች ነበር።

አባቷ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ድንጋዩ ዘግይቶ ዱቄቱ ሲሻክር ሞተሩን አይነኩትም፤ የድንጋዩን ፑሌጃ፣ ቺንጋ የሚሉት የላስቲክ ጠፍር የሚዞርበትን የብረት መንኮራኩር፣ አውጥተው በምትኩ ትንሽ ያስገባሉ። ፑሌጃው ባነሰ ቁጥር ሞተሩ አንዴ ሲዞር እሱ ብዙ ጊዜ ይሾራል። የብርጓል አቧራ በለበሰው ዳሽቦርድ ላይ በጣቷ ሁለት ክብ ሣለች፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ትንሹን ደመሰሰችና ከዚያ ያነሰ ሣለች። ማጫወቻው ከጠፋ ቆይቷል፤ ምቱን ግን አሁንም ትሰማው ነበር። የራሷ ልብ ነው።

«ወደ ቶርኖ ቤት» አለች። «አሁን በስድሳ ንዳ።»

የብረት መቅረጫው ቶርኖ ቤት ባለቤት እንዳላማው ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በራቸውን ሲቆልፉ ደረሱባቸው። የብርጓል የምትፈልገውን ነገረቻቸው። ዛሬ ከተራ ነው፣ አሉ እንዳላማው፤ እጄን ታጥቤያለሁ፣ ጾመኛም ነኝ፣ ብረት የምቆርጥበት ቀን አይደለም። የብርጓል አልተከራከረችም። ሄዳ ኮፈኑን ከፈተች፤ ቺንጋውን አወለቀች፤ የዲናሞውን ብሎን በመፍቻ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። እንዳላማው ቁልፉን እንደያዙ ቆመው አዩአት። ፑሌጃውን በመዳፏ ይዛ ቀና ስትል የሱቁ በር ተከፍቶ ነበር።

«ስንት ላውርደው?»

«ሰባት ሳንቲ ነው ጋሼ። አምስት ያድርጉልኝ።»

«አምስት? ብረቱ ቅጠል ይሆናል። ስድስት።»

«በስድስት አይደርስም።»

«አምስት ከግማሽ። ከዚያ በታች ከተሰነጠቀ ሰው ይጎዳል።»

«አምስት ከሩብ።»

እንዳላማው ወደ ባዘዘው ዞሩ። «ይቺን ይጁቤ ገበያ ይዘሃት ውረድ። ታተርፋለህ።»

ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ጆንያ አገለደሙ። ቶርኖው መዞር ሲጀምር ከስለቱ ሥር እየተጠቀለለ የሚወጣው የብረት ፍቅፋቂ ሰማያዊ ሆኖ ወለሉ ላይ ይወድቅ ጀመር። የብርጓል እያንዳንዱን ዙር በካሊፐር ትለካለች። ስድስት። አምስት ነጥብ ሰባት። አምስት ነጥብ አራት። እዚያ ላይ አምፖሉ ጠፋ፤ ቶርኖው እያዘገመ ሄዶ ቆመ። ሦስቱም ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ ተያዩ። ከውጭ የደብሩ ደወል ይሰማል፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ባዘዘው ጃኬቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። «በእጄ ላዙረው?»

አዞረው። የቶርኖውን ቺንጋ ሁለት እጁን እየቀያየረ ሲጎትት እንዳላማው ስለቱን ፀጉር በማይሞላ ርቀት ያስጠጋሉ። ጆንያ እንደሚያወርድ ሰው አትጎትት፣ እኩል፣ እኩል፣ እያሉ ቢቆጡትም ብረቱ እየዘለለ አስቸገራቸው። በመጨረሻ ለማታው ያዘጋጁትን ወረብ ከአፍንጫቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ባዘዘው በዜማው ልክ መሳብ ያዘ፤ ስለቱም መዝለሉን ተወ። ብረቱ ለስላሳ ፍቅፋቂ አወጣ። ባዘዘው ደስ ብሎት አብሮ ሊያዜም አፉን ሲከፍት ግን እንዳላማው ቀና ሳይሉ፣ አንተ ዝም ብለህ ጎትት፣ አሉት።

አምስት ከሩብ። የብርጓል ሁለት ጊዜ ለካችው። በሩ ላይ ሲደርሱ አምፖሉ በራ፤ እንዳላማው ዞር ብለው በትዝብት አዩትና ቆለፉበት።

ቺንጋው ለትንሹ ፑሌጃ ረዘመ። ዲናሞውን ወደ ውጭ እየገፋች እስከ ማሰሪያው የመጨረሻ ጫፍ ወሰደችውና አጠበቀችው። ሞተሩ ተነሣ። ነዳጅ ሳይረገጥ፣ መኪናው እንደቆመ፣ መርፌዋ አሥራ ሦስት ከግማሽ ላይ ወጣች። መዝሙሩን ከፈተችው፤ መርፌዋ ትንሽ ዝቅ አለችና ተመለሰች። የብርጓል ለባዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነገረችው። ከአሁን ጀምሮ ከአርባ በላይ እንዳይነዳ፤ በዚህ ፑሌጃ ሞተሩን ካስጮኸው ዲናሞው ከመጠን በላይ ሾሮ ይበተናል። ሌላ ፑሌጃ እስክትፈልግለት ድረስ የይጁቤን መንገድ እንደ አህያ ነጂ ነው የሚሄደው። ባዘዘው ኮፈኑን በመዳፉ ዳበሰው።

«እሺ» አለ። «ለአንድ ሳምንት ቀስ ብል ምን እሆናለሁ።»

በስምንት ሰዓት ታቦቱ ወጣ። የብርጓል በቱታዋ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ወንጌላዊት ማይክሮፎኑን ይዛ ከመዘምራኑ ጋር ከመኪናው ፊት ትሄዳለች፤ ከእነሱ ፊት ሕዝቡ፣ ከሕዝቡ ፊት ጥላዎቹ፣ ከጥላዎቹ ሥር ታቦቱ። የመጀመሪያው መዝሙር ሲነሣ ከየቤቱ ጣሪያ ላይ እርግቦች ተነሡ። ሕፃናት ስፒከሩ አጠገብ መጥተው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ምቱ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል። አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው፣ አንድ እጃቸውን የመኪናው ጎን ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተከተሉ። አንድ ሰዓት አለፈ። አምና ዝም ያሉበትን ቦታ አለፉ። ባዘዘው በክርኑ ነካ አደረጋት፤ እሷ ግን ከመርፌዋ ዓይኗን አላነሣችም።

ከሁለተኛው መስቀለኛ መንገድ በኋላ፣ ቀጭን፣ እንደ ወፍ ያለ ጩኸት ከኮፈኑ ሥር ሰማች።

ወዲያው አወቀችው። ቺንጋው ትንሹን ፑሌጃ አጥብቆ መያዝ አቅቶት ይንሸራተታል። ሲሞቅ ረዝሟል፤ ማሰሪያው ደግሞ ከዚህ በላይ አይሄድም። መርፌዋ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት ከግማሽ፣ እያለች መውረድ ጀመረች። ሦስተኛው መስቀለኛ መንገድ እስኪደርስ የብርጓል ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። ታቦቱ እዚያ ለወረብ ቆመ፤ እንደ ሥርዓቱ መዘምራኑ ዝም አሉ፤ ድምፁ የካህናቱ ሆነ። የኔታ ወልደ ሰንበት ከሁለቱ ረድፎች ራስ ላይ ቆመው መቋሚያቸውን አነሡ። ጸናጽሉ ተንሿሿ።

ሞተሩን አስጠፍታ ወረደች። ወረቡ እስኪያልቅ ድረስ ጊዜ አላት፤ ካለቀ መዘምራኑ ይቀበላሉ። ኮፈኑን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። ዲናሞው ከጫፉ በላይ አንድ ጣት ያህል መገፋት ነበረበት። ከመንገዱ ዳር ከጌጥ የተረፈ የባሕር ዛፍ እንጨት አንሥታ በመዶሻ ከዲናሞውና ከሞተሩ አካል መካከል እንደ ውሻል መቀርቀር ጀመረች። መዶሻውን የምታሳርፈው ከከበሮው ምት ጋር ነው፤ እንዳይሰማባት። እንጨቱ ግማሽ ገብቶ ተሰነጠቀ። ሌላ አነሣች። ጣቷ ብረቱ ላይ ተቃጠለ። ከወረቡ ዜማ መጨረሻው መቅረቡን ታውቃለች፤ የከበሮው ምት ፈጥኗል፣ ካህናቱ እየተጠጋጉ ነው። ቀና ብላ አየች። በሰዉ ትከሻ መካከል የኔታ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ነበር። የተከፈተውን ኮፈን ያዩ ይሆናል፤ ወይም ከጀርባዋ ያለውን ሰማይ።

ወረቡ አበቃ። ወንጌላዊት ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። የኔታ መቋሚያቸውን እንደገና አነሡና ወረቡን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ካህናቱ ተያዩ፤ ከዚያ ተከተሏቸው። የብርጓል ለመደነቅ ጊዜ አልነበራትም። ሁለተኛው እንጨት እስከ ሥሩ ገባ። ቺንጋውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ እንደ ክራር ክር ጠነከረ። ኮፈኑ ሲዘጋና ወረቡ ሲያበቃ በመካከላቸው አንድ እስትንፋስ ያህል ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ ጩኸቱ የለም። መዝሙሩ ወጣ።

ጥምቀተ ባሕሩ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ጎን ሆና ነበር። ታቦቱ በእልልታ ወደ ድንኳኑ ገባ። መዝሙሩ የመጨረሻ ሐረጉ ላይ ደርሶ፣ ማንም ሳያቋርጠው፣ በራሱ ጊዜ አበቃ። ባዘዘው መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይሳቅ ያልቅስ አልለየችውም። የብርጓል ከመኪናው ወረደች። ወንጌላዊት መጥታ የተቃጠለ ጣቷን ይዛ እፍ አለችበት።

የኔታ ሕዝቡን በመቋሚያቸው እየከፈሉ ሲመጡ ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆሙ። የኔታ ጡሩምባዎቹን፣ የስፒከሮቹን ሣጥኖች፣ ወፍራሙን ገመድ በየተራ አዩ፤ ቀለሙ የደበዘዘ ብራና እንደሚያነብ ሰው ዓይናቸውን አጥብበው።

«ይህ እስከ የት ይሰማል?»

«እስከ ወንዙ ማዶ፣ የኔታ» አለች የብርጓል።

የኔታ ጎንበስ ብለው፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «የእኔ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም አሁን» አሏት። «ደረቴ ደክሟል። ልጆቹ ያውቃሉ፤ ግን አይነግሩኝም።»

እጃቸውን ዘረጉ። ወንጌላዊት ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እንደ ጧፍ ከፊታቸው አርቀው ያዙት። የብርጓል ክንዳቸውን ሳትነካ በእጇ ምልክት አሳየቻቸው፤ ወደ አገጭዎ፣ እንዲያ፣ ትንሽ ዝቅ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሳላቸው በሜዳው ሁሉ ላይ ነጎደ። እሳቸው ራሳቸው ደንግጠው ወደ ሣጥኖቹ ዞሩ። ከዳር እስከ ዳር ሳቅ ተነሣ፤ የኔታም ጢማቸው ውስጥ ሳቁ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበ። ሕዝቡ መጠበቅ ጀመረ። የኔታ ወልደ ሰንበት ዓይናቸውን ጨፍነው አገጫቸውን ወደ ላይ አነሡና ትንፋሽ ሳቡ። ትንፋሹ፣ ገና ቃል ሳይሆን፣ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ።